ለአንድ ሰው የተጻፈ መመሪያ

መመሪያው የተጻፈው ለአንድ ሰው ነበር፤ የአርቃቂ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠውም ያው ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ የተበላሸው ሁሉ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰውየው ጋሼ ሬዲዮ ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየሳምንቱ በሬዲዮ የጤና ትምህርት ሲሰጡ ስለኖሩ፣ ከሙያው ሰዎች መካከል ያንን ስም የሚያስታውስ የለም። «እጅዎን ታጥበዋል?» ብለው ፕሮግራማቸውን ሲከፍቱ፣ ሳይታጠብ ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው ደንግጦ እጁን ይሰበስብ ነበር ይባላል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየፋብሪካው ጤናን የማስተዋወቅ ሥራ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ግማሾቹን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። የቀሩትን ግማሾች ያሠለጠኑት ደግሞ የፊተኞቹ ናቸው።

እነዚህ ባለሙያዎች የሚገናኙበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ግሩፑን የከፈተችውም፣ የምታስተዳድረውም የጋሼ ሬዲዮ የእህት ልጅ ናት። የጤና ጣቢያ የጤና ትምህርት ባለሙያ ስትሆን፣ ቤተሰቡ ጥድፊያ እያለ ይጠራታል። ከቀኗ ቀድማ የተወለደች፣ ሳትድህ የሄደች፣ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ የምትሰጥ ልጅ ስለሆነች ስሙ አልበዛባትም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የሰውን ልማድ ስለመለወጥ ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የአንድም ዘመዷን ልማድ ለውጣ አታውቅም ነበር።

ጋሼ ሬዲዮ ጡረታ ሲወጡ ማይክሮፎኑን አስቀምጠው ስልክ አነሡ። በየማለዳው ጽጌረዳ ያለበት የመልካም ቀን ምኞት ይልካሉ፤ ጽጌረዳዋን ተከትሎ አንድ የጤና ምክር ይመጣል። ምክሩ ከየት እንደፈለቀ አይታወቅም። የሆነ ሰው ለእሳቸው ይልካል፣ እሳቸው ለግሩፑ ይልካሉ፣ ከሥሩ ወደድነው የሚል አውራ ጣት ይደረደራል። አውራ ጣት መንፈግ የእግዜር ሰላምታ እንደመንፈግ ስለሚቆጠር ማንም አይነፍግም። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ረዳት አስተዳዳሪ የግሩፑን ሕግ አስከብራለሁ ብሎ ጽጌረዳዋን አጠፋት። አንጋፋዎቹ ተሰብስበው ልጁን ጋሼ ሬዲዮ ቤት ድረስ ይዘው ሄደው ይቅርታ አስጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳ የነካ የለም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቅዳሜ ነው። ጥድፊያ የእናቷን ማቀዝቀዣ አናቱን ስትወለውል የደም ግፊት ኪኒን አገኘች፤ እሽጉ አልተከፈተም። እናቷ ሳትደብቅ ነገረቻት። ኪኒኑን ከተወች ቆይታለች። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ሎሚ በሞቀ ውሃ ትጠጣለች፤ ሎሚው የደም ሥርን ግድግዳ ያጥባል፤ ሎሚ የጀመረ ሰው ኪኒን ከደረበበት ግን ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ በቃሏ ወረደችላት።

«ማነው ያለው?» አለች ጥድፊያ።

«ወንድም ጋሼ ነዋ። መጀመሪያ ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ላከው፣ ከዚያ ለእኔ ላከልኝ። ደውዬም ጠይቄዋለሁ። እኔ የላክሁት ከሆነ ልክ ነው አለኝ።»

ጥድፊያ መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ የእናቷን ክንድ ጠቀለለች። ቁጥሩ ከፍተኛ ነበር፤ ደግማ ለካች። እናቷ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ያለው በሎሚው ሳይሆን አንቺ እንዲህ ዓይንሽን አፍጥጠሽብኝ ነው ብላ እጅጌዋን አወረደች። ልጅ እናትን የምትመክረው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በቤታቸው ሕግ ግልጽ ነበር። ጥድፊያ ባለሙያ ብትሆንም፣ ያስተማሯትን ያስተማረው ወንድም ጋሼ ነው። ኪኒኑን ማስጀመር የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ያስቆማት ነው።

እንግዲህ ደውሎ መንገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጋሼ ሬዲዮ ሲነገራቸው ያኮርፋሉ። ባለፈው ያኮረፉት በአንድ የግድግዳ ሰዓት የተነሣ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ብላ እህታቸው በሰው ፊት ስላረመቻቸው ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጡም። አሁን ካኮረፉ ደግሞ ዓመቱን እናቷ ያለ ኪኒን ልታሳልፈው ነው።

ጥድፊያ ምክር ፍለጋ ወደ ሳሙና ሄደች። ሳሙና የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጤና አስተማሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እጁን እንዲታጠብ ሲወተውት ስለኖረ ቅጽል ስሙ ሙያውን ተከትሎ የመጣ ነው። ሰው ማስቀየም አይወድም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ መፍትሔው እጁ ላይ እንዳለ ሰው ፈገግ አለ።

«ለእሳቸውማ አይነገርም» አላት። «መመሪያ ነው የሚወጣው። ለሁሉም። እንዲህ ያለ ነገር ይለጠፋል፣ እንዲህ ያለ ነገር አይለጠፍም ይላል። እሳቸው ያነቡታል፣ ውስጥ ለውስጥ ይገባቸዋል፣ መልእክቱን ራሳቸው ያጠፉታል። የማንም ፊት አይጠቁርም።»

ጥድፊያ ሐሳቡ ረጅም መንገድ እንደሆነ ታይቷት ነበር። ግን ሌላ መንገድ አልታያትም። በማግስቱ ለግሩፑ ጻፈች፤ ግሩፓችን ስላደገ የመለጠፊያ መመሪያ ያስፈልገዋል፣ አርቃቂ ኮሚቴ እንምረጥ አለች። ሰው ሁሉ እሰየው አለ። ማን ይምራው የሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሻይ የሚቀዘቅዝበትን ያህል እንኳ አልቆየም። መጀመሪያ አንዱ «ጋሼ ሬዲዮ እያሉ ማን ሊባል ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም ማንሳት ነውር ሆነ። ጋሼ ሬዲዮ አደራውን የተቀበሉት በድምፅ መልእክት ነበር። ጥድፊያ የምሳ ዕቃዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ መደርደሪያ ላይ መልሳ ስትመጣ ገና ስለ ሙያው ታሪክ እየተናገሩ ነበር።

ኮሚቴው አራት ሰው ነው፤ ጋሼ ሬዲዮ፣ ጥድፊያ፣ ሳሙናና አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ። የተሰበሰቡት በጥድፊያ ጤና ጣቢያ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተነባብረዋል። ነጩ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው በማይጠፋ ቀለም «ዓላማ» ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ እዚያ የተሰጠ ሥልጠና ሁሉ ከዓላማ ይጀምራል። መስኮቱ ሥር የቆመው የሰውነት ሞዴል ጉበቱ ጠፍቶበት በምትኩ የታጠፈ ስፖንጅ ገብቶለታል።

ጋሼ ሬዲዮ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ግሩፑ ታሟል ብለው ጀመሩ። ያሳመሙት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ናቸው። እነዚህ አንዳንድ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ ሳያኝኩ ይልካሉ። ለምሳሌ አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ ሽንኩርት ካልሲ ውስጥ ከትቶ መተኛት ጉንፋንን ስቦ ያወጣል ብላ ልካለች። ባለሙያ ነን በሚሉ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለው ነገር ሲነበብ እሳቸው በበኩላቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ሳሙና በጠረጴዛው ሥር የጥድፊያን እግር ነካ አደረገ፤ ይኸው ሊገባቸው ነው ማለቱ ነበር።

ጥድፊያ ቀረብ አድርጋ ሞከረች። መድኃኒት አቁሙ የሚል ምክር ቢላክስ ብላ ጠየቀች።

«ያ ወንጀል ነው» አሉ ጋሼ ሬዲዮ። «ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ ምክሩ ኪኒኑን ተዉና ሎሚ ጠጡ የሚል ቢሆንስ አለች።

«ሎሚም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ዝንጅብልም ጨምሪበት። እንዳያመልጡን።»

ፊታቸውን አየች። እንደ ጠራ ሰማይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ገና የገባት፤ ሰውየው የሚልኩትን አያነቡትም። ርእሱን ያያሉ፣ ጤና የሚል ቃል ካለበት ያስተላልፋሉ። ሎሚውን እንደላኩት እንኳ ትዝ አይላቸውም።

ረቂቁ በዚያው ዕለት ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሌላ ሙያ ያላቸው ሰዎች ቢሆኑ ያልቅ ነበር። ጤና አስተዋዋቂ ግን መልእክትን ሳይፈትሽ ለሕዝብ አይለቅም። ፖስተር ሲሠራ እንኳ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች አሳይቶ ምን ገባችሁ ብሎ ይጠይቃል። መመሪያውም መፈተሽ አለበት አለ ሳሙና። ከአባላቱ የተወሰኑት ተመርጠው ረቂቁ ተሰጣቸው፣ ምን እንደተረዱም ተጠየቁ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ሁሉም በሚገባ ተረድተውታል፤ ሁሉም የተረዱት ግን ስለ ሌላ ሰው መሆኑን ነው።

ይህ ሲሆን ሎሚው አልቆመም። ጥድፊያ ከሥራ ስትመለስ መለኪያውን ይዛ እናቷ ቤት ጎራ ትላለች። እናቷ ራሴን ትንሽ ይወጋኛል ትላለች፤ ያም የሎሚው ምልክት ነው፣ እየታጠበ ነው ማለት ነው ትላለች። ቁጥሩ አልወረደም። ጥድፊያ ነገሩን በሆዷ ይዛ ወደ ቀጣዩ ስብሰባ ትሄዳለች።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አንድ ስጋት አነሣች። አሁን ሰው የሰውን ስህተት በአደባባይ ማረም ሊጀምር ነው፤ ይህ ደግሞ ጠብ ያመጣል። ሳሙና በዚህ ነገር ላይ አስቦበት ስለነበር አንቀጽ ሰባትን አስነበበ። የአባላትን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የማንም ሰው ስህተት በግሩፑ ውስጥ በስም አይታረምም፤ እርማት ያለው ሰው ለኮሚቴው በግል ይልካል፤ ኮሚቴው ያይለታል። አንቀጹ የተጻፈው ጋሼ ሬዲዮን ለመጠበቅ ነበር። ጋሼ ሬዲዮ አንቀጹን ወደዱት፤ ግን ጥርስ አነሰው።

«ቅጣት የሌለው መመሪያ ምክር ነው» አሉ። «ምክር ደግሞ በሬዲዮ ስሰጥ ኖሬያለሁ። በስም ያረመ ሰው ከግሩፑ ይወጣል በይና ጨምሪ።»

ቀጥሎ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ያለፈው ይለፍ የሚል ሐሳብ አመጣች፤ እሷም ስለ ማር የላከችው አንድ ነገር ነበረባት። ጋሼ ሬዲዮ በዚህም ተስማሙ። መመሪያ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ቀድሞ የተለጠፈ እንዳለ ይቀመጣል። ጥድፊያ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች፤ ይህ ትክክል አይደለም፣ ስህተት የሆነ ነገር መቼም ይለጠፍ መቼ መነሣት አለበት አለች።

ጋሼ ሬዲዮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ካለፈው ውስጥ የሚያሳስብሽ አለ?»

ሳሙና የሞዴሉን ስፖንጅ እንደ አዲስ ነገር ይመረምር ጀመር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ማሩ የተነሣባት መስሏት ቀላች። የግድግዳው ሰዓት፣ የተዘጋው ደጅ፣ ያኮረፉበት ዓመት በጥድፊያ ፊት አለፉ። በሕይወቷ ውስጥ መልስ ለመስጠት ያን ያህል የቆየችበት ጊዜ የለም።

«የለም» አለች።

መመሪያው ጸደቀ። በመመሪያው መሠረት ጥድፊያ የግሩፑን ባለቤትነት ለሊቀመንበሩ አስረከበች። ሳሙና መፈክር ሠራለት፤ የፋብሪካው ሠዓሊ ደግሞ ሥዕል። ሲለጠፍ ከሥሩ የተደረደረው አውራ ጣት ከጽጌረዳ በላይ ሆነ። በዚያው ማለዳ የሽንኩርቷ ነርስ፣ መመሪያው በጊዜው የመጣ ነው፣ አንዳንድ ሰዎች አብዝተውት ነበር ብላ አመሰገነች።

ጥድፊያ መመሪያውን በስልኳ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። አሁን ቢያንስ የሚታይ ነገር አላት። እዪ፣ ወንድምሽ ራሱ የፈረመበት መመሪያ፣ ምንጩ ያልታወቀ ምክር አይላክም፣ መድኃኒት አስቁሞ ሎሚ ማስጠጣት ክልክል ነው ይላል ብላ አሳየቻት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ጥሩ መመሪያ ነው አለች። ከዚያ የራሷን ስልክ አነሣችና የሎሚውን መልእክት አወጣች፤ ወንድሟ ከግሩፑ ላይ ፎቶ አንሥቶ የላከላት ነው፤ አውራ ጣቶቹ፣ የሰዎቹም ስም ሳይቀር ይታያል።

«ይህ ሁሉ ባለሙያ ልክ ነው ብሎ የፈረመበት ነው» አለች። «ይህቺም አንቺ ነሽ።»

እሷ ነበረች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው አውራ ጣት የሰጠችበት ማለዳ መሆን አለበት።

«አላነበብኩትም ነበር» አለች ጥድፊያ።

«ሳታነቢ ነው እንዴ የምትፈርሚው?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነን። ጋሼም ራሳቸው አያነቡም።»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲያው ከዚህ ሁሉ ሰው ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኛ» አለች።

ጥድፊያ ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ግሩፑን ከፈተች። መጀመሪያ ለሎሚው የሰጠችውን አውራ ጣት ሰረዘች። ከዚያ ከሎሚው መልእክት ሥር ጻፈች። ጋሼ ሬዲዮ ያስተላለፉት ይህ ምክር ስህተት ነው፤ ሎሚ የደም ግፊት ኪኒንን አይተካም፤ ኪኒን የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቁም፤ ይህንኑ ምክር ተቀብላ ኪኒኗን ያቆመች ሰው አውቃለሁ፤ እህታቸው ናት፣ እናቴ ናት፤ ለመልእክቱ አውራ ጣት የሰጠን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ አላነበብነውም። እንዳታመነታ ብላ አንድ ጊዜ ብቻ አንብባ ላከችው።

መልስ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከሎሚው ሥር ያሉት አውራ ጣቶች ቁጥራቸው መቀነስ ጀመረ። አንዱ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ድምፃቸውን አጥፍተው ከልቅሶ ቤት እንደሚወጡ ሰዎች ሹልክ ሹልክ እያሉ ወጡ። የሳሙና ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበረ። ጥድፊያ እያየች ሳለ ስክሪኑ ተለወጠ። ከግሩፑ አስወጥተዋታል።

ሳሙና ደውሎ ምን አደረግሽ አለ። አንቀጽ ሰባትን ጣስሽ እኮ አላት። አንቀጹን የጻፈው እሱ እንደሆነ አስታወሰችውና ዘጋችበት።

ጋሼ ሬዲዮ የመጡት በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ጥድፊያ ሥራ አልገባችም ነበር፤ የመጣው ይምጣ ብላ እናቷ ዘንድ ቁጭ ብላለች። በሩን ሲያንኳኩ ተነሥታ ከፈተች፤ ሲያኮርፉ እንደማይመጡ ታውቃለች፣ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ግን አታውቅም። ኮታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። እህታቸውን ሳሙ። ጥድፊያን በዓይናቸው አልፈዋት መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ቴሌቪዥኑ ይጠፋ ዘንድ በእጃቸው አመለከቱ።

«እርማት» አሉ። በሬዲዮ ድምፃቸው ነበር። «ቀደም ሲል ስለ ሎሚ የተላለፈው መረጃ ትክክል አይደለም። የደም ግፊት ኪኒን የታዘዘለት ሰው ኪኒኑን በሰዓቱ ይወስዳል። ካቆመ የቆየ እንደሆነም ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ይታያል። ለተፈጠረው ስህተት አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ማነው ያስተላለፈው?» አለች እህታቸው። ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ተንኮል ነበረባት።

«ተላለፈ።»

«አንብበኸው ነበር፣ ወንድም ጋሼ?»

«ትናንት አነበብኩት» አሉ ጋሼ ሬዲዮ። «ረጅም ነው።»

እናቷ ተነሣች። ከማቀዝቀዣው አናት ላይ እሽጉን አውርዳ ይዛው ቆመች። ሎሚው ለሆዷ ግን ተስማምቷት እንደነበር ተናገረች። ሎሚ መጠጣት አልተከለከለም አሏት። ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትታይ ጥድፊያ ቀጠሮ እንደያዘችላት ሲነገራት፣ ሁለታችሁም ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁብኝ አለች። አልተመካከርንም አሉ ሁለቱም እኩል።

ከዚያ ጋሼ ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥድፊያ ዞሩ።

«አንቺ በአንቀጽ ሰባት ወጥተሻል።»

«አይቻለሁ» አለች።

«ያስወጣሁሽ እኔ ራሴ ነኝ። ሌሎቹ እስኪነኩሽ አልጠበቅሁም። የሎሚውን መልእክት አጥፍቻለሁ። ያንቺን ግን አላጠፋሁትም። መመሪያ ወደ ኋላ አይሠራም።»

«የእኔማ ከመመሪያው በኋላ ነው የተጻፈው፣ ጋሼ። ሊጠፋ ይገባል።»

«የኮሚቴው ሊቀመንበር ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ዝም በይ። መመለስ ከፈለግሽ በጽሑፍ ታመለክቻለሽ።»

«አላመለክትም» አለች ጥድፊያ።

«አውቃለሁ» አሉ፤ የሰሙት ነገር ያስደሰታቸውም፣ ያስከፋቸውም አይመስልም ነበር። ተነሥተው ከማሰሮው በብርጭቆ ውሃ ቀዱና ለእህታቸው ሰጧት። ኪኒኑን አፏ ውስጥ ጣለች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ብርጭቆውን መለሰች። ጋሼ ሬዲዮ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«አፍሽን ክፈቺ» አሏት።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም።»

«ክፈቺው። ምላስሽን አንሺ።»

ከፈተች። ጎንበስ ብለው ከምላሷ ሥር አዩ፣ በግራም በቀኝም አዩ። ከዚያ ኮታቸውን ቆልፈው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡና በሩን ዘጉት።